የሪማ ልብሶች

ሪማ የሞተችው የቲማቲሟን ዘር ዘርታ በጨረሰች በሳምንቱ ነው። የካቲት ነበር። ውጭው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ እሷ ግን እንደ ልማዷ የወተት ካርቶን እየቆረጠች፣ አፈር እየሞላች፣ በየመስኮቱ ደፍ ላይ ደርድራ በላስቲክ ሸፍናለች። ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ከምድጃው ሥር የወደቀ ማንኪያ ላንሳ ብላ ጎንበስ እንዳለች በዚያው ቀረች። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ነው አሉ። ባሏ ቬንያሚን አንድ ነገር ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰምቶ፣ «ደግሞ ምን ሰበርሽ?» ብሎ ከሶፋው ላይ ሆኖ ተጣርቶ ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። ለሪማ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

እኔ ዞያ ነኝ፣ የሪማ ጎረቤት። ጎረቤትነታችን በከተማው አፓርታማ ሳይሆን በዳቻው ነው፤ ድሮ ፋብሪካው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ለሠራተኞቹ ባደላቸው ትንንሽ ጎጆ ያለባቸው የአትክልት ቦታዎች። የእኔንና የእነሱን ቦታ የሚለየው ከወገብ የማያልፍ የጣውላ አጥር ነው። በዚያ አጥር ላይ ተደግፈን ስናወራ ልጆቻችን አድገው ሄዱ። ቬንያሚንን የማውቀው በእሷ በኩል ነው ማለት ይቻላል።

ቬንያሚን ዛካሮቪች ዕድሜውን የጨረሰው በከተማው ማሞቂያ ጣቢያ ነው። የከተማው ሰው በዚያ ሁሉ የበረዶ ወራት ቤቱ የሚሞቀው እሱና ጓደኞቹ በፈረቃ የሚያነዱት ቦይለር በቧንቧ በሚልከው ውሃ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ አንድ ቀን ከሥራው ቀርቶ አያውቅም፤ በዚህ ይኮራል። ቤቱ ሲገባ ግን ካፖርቱን በሩ ላይ ይጥላል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ቅዳሜ ከሆነ መንጠቆውን ይዞ ወንዝ ይወርዳል። አትክልት የሚባል ነገር አይወድም። በረዶው ሲቀልጥ ቆፍር ሲሉት ይቆፍራል፣ በመኸር የድንቹን ጆንያ ተሸከም ሲሉት ይሸከማል፤ በመሃል ምን እንደሚደረግ ጠይቆ አያውቅም። ክፉ ባል ነበር አልልም። እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ መጠጡም እንደ ሰው ነው። ብቻ እቤት እያለ የሌለ ሰው ነበር። ሪማ እየሳቀች፣ «እኔኮ ሁለት ማሞቂያ ነው ያለኝ፤ አንዱ ግድግዳው ላይ፣ አንዱ ሶፋው ላይ። የሶፋው አይሠራም» ትለኝ ነበር።

ችግኞቹ የበቀሉት ከቀብሩ በኋላ ነው። ቬንያሚን ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ሄዶ ብቻውን በቀረበት ሰሞን፣ ከላስቲኩ ሥር አረንጓዴ ነገር ብቅ ብቅ ሲል አየ። ስልክ ደወለልኝ። በሕይወቱ ደውሎልኝ አያውቅም።

«ዞያ፣ ወጥተዋል» አለኝ።

እነማን እንደወጡ ስጠይቀው፣ «የሷዎቹ» አለኝ።

ላስቲኩን እንዲገፍላቸው፣ ውሃውን ለብ አድርጎ እንዲያጠጣቸው ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ በየጊዜው ይደውል ጀመር። ቅጠሉ ለምን ይታጠፋል? ግንዱ ለምን ይቀጥናል? የትኛው ቲማቲም፣ የትኛው ቃሪያ ነው? ካርቶኖቹ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ ሪማ በየትኛው ደፍ ላይ ምን እንዳስቀመጠች ታውቃለች፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብላ አላሰበችም። እኔ የማውቀውን እነግረዋለሁ። አንዳንዴ ጥያቄው ካለቀበት በኋላም ስልኩን አይዘጋም፤ እስትንፋሱን እሰማለሁ። አንድ ቀን፣ «ይህን ሁሉ በየዓመቱ ስታደርግ ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እዚሁ ቤት ውስጥ?» አለ። የት ታድርገው ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም።

ለአርባዋ ልጃቸው ኢና ከምትኖርበት ከፔርም ከተማ መጣች። አንድ ልጃቸው ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ባልና ሁለት ልጆች አሏት። ቁመናዋ የአባቷ፣ አፏ የእናቷ ነው። በባህላችን ብሊኒ የምንለውን ስስ ቂጣ ጋግረን፣ ከሪማ ፎቶ ፊት አንድ ብርጭቆ ቮድካና ቁራሽ ዳቦ አስቀምጠን፣ ጎረቤት በልቶ ጠጥቶ ሲሄድ ሳህን ለማጠብ እኔ ቀረሁ። ኢና መስኮቶቹን ስታይ ቆየችና ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ ጠየቀችው።

«እተክላቸዋለሁ» አላት።

«አንተ?»

«እኔ ነኛ።»

«አባዬ፣ አንተ እንስላልና ካሮት መለየት አትችልም። ለዞያ ስጣትና ቦታውን ሽጠው። እኛ ጋ ትመጣለህ። እማዬም እዚያ መሬት ላይ ተጎንብሳ ነው ያለቀችው።»

ቬንያሚን ተነስቶ ከመስኮቱ ላይ አንዱን ካርቶን ወደ ብርሃኑ ዞር አደረገው። ኢና የእናቷን ልብስ አብረን እንለይ ስትለው፣ ለድሃ የሚሰጠው ተሰጥቶ የቀረውን ወስዳ ለማስታወሻ እንድታስቀምጥ ስትጠይቀው፣ ገና ነው አላት። እሷ በተለይ የፈለገችው ሻሉን ነው፤ ከፍየል ጸጉር የተሠራ፣ ግራጫ፣ ሰፊ፣ ሲይዙት የማይከብድ ሻል። ሪማ ኢናን ወልዳ ከሆስፒታል ስትወጣ ሕፃኗን የጠቀለለችው በእሱ ነው። ቬንያሚን ያንንም፣ «ይቆይ፣ የት ይሄዳል» አላት። ኢና ተቆጥታ ሳይሆን አዝና ሄደች። ደረጃው ላይ ስሸኛት፣ ልብሱን ማየት የማይችለው ለካ ይወዳት ስለነበረ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት።

ያን ዓመት ግንቦት እንደ እብድ ሞቀ። በረዶው በአንድ ጊዜ ቀለጠ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ሰው በካናቴራ መቆፈር ጀመረ። ቬንያሚን ካርቶኖቹን በሣጥን አድርጎ በባቡር እየተመላለሰ ወደ ዳቻው አጋዛቸውና እዚያው መኖር ጀመረ። ሪማ ቲማቲሟን የምትተክለው በላስቲክ ቤት ውስጥ ነበር። የዚያን ዓመት ግን ጣሪያው ላይ የተከመረውን በረዶ የጠረገ ሰው አልነበረምና ቤቱ ከነእንጨቱ ተደርምሷል። ቬንያሚን ፍርስራሹን ጎትቶ አወጣ፣ መደቡን ቆፈረ፣ ከዚያ ችግኞቹን ሜዳ ላይ ሊተክል ተነሳ።

በአጥሩ ላይ ሆኜ ትንሽ እንዲጠብቅ ነገርኩት። ቼርዮሙካው ገና አላበበም። ያ ነጭ አበባ ያለው ዛፍ ሲያብብ ብርዱ ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ይመለሳል፤ እኛ አገር ይህን የማያውቅ ሰው የለም፣ እሱም ያውቃል። ሪማ ከሰኔ አጋማሽ በፊት አንድ ቃሪያ ውጭ አውጥታ አታውቅም ነበር።

«ካርቶኑ ጠቧቸዋል፤ ሥራቸው በታች በኩል ወጥቷል» አለኝ።

«ወደ ትልቅ ባልዲ አዛውራቸው። እኔ እሰጥሃለሁ።»

«ዞያ፣ ሌሊት ሌሊት እያየኋቸው መተኛት አልቻልኩም። ይተከሉና ይለቅልኝ።»

ተከላቸው። አራት መደብ ሙሉ፤ በገመድ ለክቶ፣ እንደ ፋብሪካ ቧንቧ ቀጥ ያለ መስመር። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጉልሲና ምላሷ የማያርፍ ታታር ናት። በዚያ ስታልፍ ቆማ አየችና፣ «ቬንያሚን ዛካሮቪች፣ ዘንድሮ በኡራል ምድር የመጀመሪያውን ቲማቲም የሚበሉት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ለእኔም አንዷን ይደብቁልኝ፤ በጭማቂዋ ፊቴን ታጠብኩባት ብዬ ላውራ» አለችው። ቀና ብሎ፣ «ፊትሽ የሚታጠበው ለማን ነው?» አላት። ሪማ ከሞተች ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጉልሲና እየሳቀች ሄደች፤ ርቃ ስትሄድ ግን ዞር ብላ እኔን አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

ቼርዮሙካው በሳምንቱ አበበ። በማግስቱ ነፋሱ ከሰሜን ዞረ። ጠዋት ሬዲዮው ውርጭና በረዶ ይጠበቃል ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን ትቶ ሮጠ። ሁላችንም ነጭ ስስ የመሸፈኛ ጨርቅ አለን፤ እሱን እንደ ቀስት በታጠፈ ሽቦ ላይ እንወጥራለን፣ ያልደረሰውን በባልዲ፣ በድስት፣ በተገኘው ሁሉ እንደፋለን። ቬንያሚን የሪማን ጨርቅ ፈልጎ አጣ። ላስቲክ ቤቱ ሲፈርስ ከሥሩ ሆኖ ተቦጫጭቆ ኖሮ፣ ፍርስራሹን ሲያቃጥል አብሮ አቃጥሎታል። እኔ ከራሴ የተረፈ አንድ ቁራጭ ሰጠሁት፤ ግማሽ መደብም አልሸፈነለት። ያንን ለእኔ መለሰልኝና ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደ።

ከቀትር በኋላ ተመለሰ። በሁለት እጁ ሁለት ትልልቅ መጎተቻ ቦርሳ፣ በጀርባው ደግሞ በአንሶላ የታሰረ ጓዝ ተሸክሟል። ብርድ ልብስ ያመጣ መስሎኝ ነበር። እኔ የድንቼን መደብ አፈር ሳለብስ ቆይቼ ቀና ስል፣ ቬንያሚን የሪማን ቡናማ ካፖርት እጅጌውን ዘርግቶ በቲማቲሙ ላይ ሲያለብስ አየሁት። ቀጥሎ የበዓል ቀሚሷን፣ ያንን ሰማያዊውን። ቀጥሎ የቤት ካባዋን፣ ሹራቦቿን፣ በፋብሪካው ስትሠራ የምትለብሰውን ወፍራም ጃኬት። አንዱን አንሥቶ ያራግፋል፣ ያለብሳል፣ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ይይዛል። በመጨረሻ ሻሉን በቃሪያዎቹ ላይ ዘረጋ። እሱ ላይ ድንጋይ አላስቀመጠም፤ ጫፎቹን በእንጨት ችንካር እያደረገ በዝግታ ወጠረው።   ሲመሽ በረዶው ጀመረ።

ጠዋት በሬን ስከፍት በረዶው ከቁርጭምጭሚት በላይ ደርሶ ነበር። ያበበው ፕሪም ቅርንጫፉ መሬት ነክቷል፤ የፖሙ ዛፍ ከመሃሉ ተሰንጥቋል። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ወደ እነሱ ቦታ ስመለከት ደነገጥኩ። ልብሶቹ ከላይ በረዶ ለብሰው ቅርጻቸው ብቻ ቀርቷል፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ የተዘረጋ እጅ። አራት መደብ ሙሉ ሰው ተኝቶ ያደረ ይመስላል። ቬንያሚን ባዶ እጁን መሃላቸው ቆሟል። መጥረጊያ አጠገቡ ወድቋል።

ቦቲዬን አድርጌ ሄድኩ። ካፖርቱን አንድ ጎኑን ይዘን ስናነሳው እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ከበደን። በረዶው ቀልጦ ወደ ሱፉ ገብቶ፣ ክብደቱ ቲማቲሞቹን አንገታቸውን ሰብሮ መሬት ላይ ለጥፏቸዋል። የተሰበሩት ደግሞ ጠቁረዋል። በቀሚሱም ሥር ያው ነው፤ በጃኬቱም ሥር ያው ነው። እያንዳንዱን ባነሳን ቁጥር አይቶ መልሶ ያለብሰዋል፤ የሞተ ፊት እንደሚሸፈን። 

ሻሉ ጋ ስንደርስ ነገሩ ሌላ ሆነ። በችንካር ስለተወጠረና ቀላል ስለሆነ በረዶው ላዩ ላይ እንደ ጣሪያ ቆሞ ነበር። ቬንያሚን ተንበርክኮ አንዱን ጫፍ ቀና አደረገ። ከሥሩ አየሩ ለብ ያለ መሰለኝ። ቃሪያዎቹ ቆመዋል። ሁሉም አይደሉም፤ ግን አብዛኞቹ ቅጠላቸው አረንጓዴ ነው። ጫፉን መልሶ አወረደው፣ እጁን እላዩ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየ። «ለዛሬ ሌሊትም በረዶ አለ ብለዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። የባሰ ውርጭ አለ ብለዋል አልኩት። «እንግዲህ ይሄ ይበቃቸዋል» አለ።

ኢና የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። በአጥሩ በር ስትገባ የከተማ ጫማዋ በበረዶ ተሞልቷል፤ ፊቷ ቀልቷል። ያለፈውን ቀን ሁሉ ወደ አባቷ ስትደውል ስልኩ አልሠራም። በውርጩ ታሞ ወድቆ ይሆናል ብላ በሌሊቱ ባቡር መጥታ፣ አፓርታማውን በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። ቁም ሣጥኑ ክፍት ነው፤ የእናቷ በኩል ባዶ ነው፤ መስቀያዎቹ ብቻ ተንጠልጥለዋል። ሌባ ገብቷል አለች በመጀመሪያ። ከዚያ የእሱ ልብስ እንዳለ መሆኑን አየች።

«የእማዬ ልብስ የት ነው?» አለችው፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችውም።

ቬንያሚን መደቦቹን በዓይኑ አሳያት። እሷ ለጊዜው አልገባትም። ከዚያ ከበረዶው የወጣውን ሰማያዊ እጅጌ አየችና ሄዳ ሳበችው። ልብሱ በውርጭ ደርቆ ቆሟል፤ ስትስበው ከብብቱ ተተረተረ።

«በቲማቲም ላይ» አለች። «አንድ ነገር ስጠኝ ብዬ ስለምንህ ገና ነው ያልከኝ ለዚህ ነው?»

«ጨርቅ አልነበረኝም፣ ኢና። ብርዱ በድንገት መጣ።»

«ጨርቅ አልነበረህም!»

«እሷ ያበቀለቻቸው ናቸው። እሷ ናት እኮ የዘራቻቸው።»

ኢና አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻል ነበር። ዝግ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው። «ስማኝ አባዬ። ያን ዓመት ሳምባዋን ታማ አልጋ ላይ ጥርሷ ሲንቀጠቀጥ፣ ትምህርቴን እንኳ ገና አልጨረስኩም፣ ብርድ ልብስ የደረብኩላት እኔ ነኝ። አንተ በረዶ በስተህ ዓሣ ልታወጣ ሄደህ ነበር። በኖራችሁበት ዘመን ሁሉ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ነገር አልብሰሃት ታውቃለህ?»

ቬንያሚን አሰበ። እውነቴን ነው፤ ጥያቄ እንደቀረበለት ሰው ቆሞ አሰበ። እኔ ይቆጣታል ወይም ያለቅሳል ብዬ ነበር።

«አላውቅም» አላት። «አላለበስኳትም።»

 ኢና የቀሚሱን እጅጌ ለቀቀችው። ዓይኗ ሻሉ ላይ አረፈ። «ያንን ግን እወስዳለሁ» አለች።

እኔ አንድ ነገር ልናገር ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ ቬንያሚን አየኝ። ዝም በይ የሚል አስተያየት ነው። ራሱ ሄዶ ተንበረከከ፣ በረዶውን በመዳፉ ጠርጎ አወረደ፣ ችንካሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ። ሻሉን ሲያነሳ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ በእግሩና በለበሰው ካፖርት ቃሪያዎቹን ጋረዳቸው፤ ከሥሩ ምን እንዳለ እንዳታይ ይመስለኛል። አራግፎ፣ በአራት አጥፎ በሁለት እጁ ሰጣት። «ብዙ አልረጠበም» አላት። «ማሞቂያ ላይ እንዳታደርጊው፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፊው። እሷ እንደዚያ ነበር የምታደርገው።»

ይህን ማወቁ ኢናንም እኔንም አስገረመን። ሻሉን ተቀበለችው፣ ደረቷ ላይ ያዘችው። ግቢና ሻይ ጠጪ አላት፤ ባቡር ያመልጠኛል አለች። በሩ ጋ ቆም ብላ ወደ ኋላ ለመዞር ያሰበች መሰለኝ፤ አልዞረችም።

ስትሄድ የራሴን ጨርቅ ከዱባዬ ላይ አንስቼ ለቃሪያዎቹ ላምጣ አልኩት። ዱባሽስ አለኝ። ዱባ ዘር አለኝ፣ እደግማለሁ አልኩት። አልተቀበለኝም። ባልዲ አምጥቼ ጥቂቶቹን ደፋሁባቸው፤ እሱ ቆሞ ከማየት በቀር አልረዳኝም። ሌሊቱን ውርጩ ሬዲዮው ካለውም ባሰ። ጠዋት ባልዲዎቹ ከመሬት ጋር ተጣብቀው በእግር ተመተው ነው የተነሱት። ከሥራቸው ያሉት ቅጠሎች ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነው እንደ ብርጭቆ ይሰበራሉ። ሲቀልጡ እንደተቀቀለ ጎመን ተዘረሩ።

ከዚያ ፀሐይ ወጣች፤ እንዲህ ነው ሁልጊዜ፣ ከጥፋቱ በኋላ ትወጣለች። ቬንያሚን ልብሶቹን ሁሉ ሰብስቦ በገላ መታጠቢያው ጎጆ ውስጥ ውሃ አሙቆ በእጁ አጠባቸው። ልብስ አጥቦ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሳሙናው አልወጣ ብሎት ደጋግሞ ሲያለቀልቅ አየሁት። ከተሰነጠቀው ፖም እስከ ቤቱ ጥግ ገመድ ወጥሮ አሰጣቸው። ሱፉ ለመድረቅ ብዙ ቀን ፈጀ። ነፋስ ሲመጣ ካፖርቱ ይወዛወዛል፣ ቀሚሱ ይነፋል፤ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጉልሲና እንኳ በዚያ ስታልፍ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ቀን ግን ከራሷ የተረፉ ችግኞች በሣጥን አድርጋ በሩ ላይ አስቀምጣለት ሄደች።

ተከላቸው። ለእሷ ሲል ይመስለኛል እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም። ስልክም መደወል ተወ። አጥሩ ላይ መጥቶ የሚጠይቀኝ ነገር አልነበረውም። ከበረዶው ቀን ጀምሮ ሳል ያዘው፤ ሐኪም ዘንድ ሂድ ስለው ይለቀኛል ይለኛል። በጋው ዝናባም ሆነና በነሐሴ ቲማቲሙን ሁሉ ቡናማው በሽታ ፈጀው። ያልተነካውን ጥሬውን ለቅሞ በሣጥን ለጉልሲና መለሰላት። ኢና በጋውን ሙሉ አልመጣችም። ይደዋወላሉ፤ ሲነጋገሩ የሰማሁት ስለ ልጆቹ ትምህርትና ስለ ሳሉ ብቻ ነው።

በጥቅምት ሳሉ ባሰና ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ ኢና መጥታ ወደ ፔርም ወሰደችው፤ አልተከራከራትም። ልብሶቹን ተጣጥፈው በቦርሳ እንዳሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰጧቸው። የዳቻውን ቁልፍ ለእኔ ተወልኝ። ገዢ ቢመጣ እንዳሳይለት ነው፤ ራሱ ግን ለመጨረሻ ጊዜ እንኳ ሊያየው አልመጣም።

በፔርም በአሥረኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ጉልሲና ለዘመድ ሠርግ እዚያ ሄዳ ጠይቃው ነበር። ኢና በደንብ ይዛዋለች አለችኝ፤ ምግቡ በሰዓቱ፣ መድኃኒቱ በሰዓቱ። እሱም ከልጅ ልጆቹ ታናሹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። አባትና ልጅ በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፣ ጨውን ያቀባብላሉ። ስለዚያ ጠዋት አንዳቸውም አንስተው አያውቁም። ጉልሲና ስትወጣ ኢና ሊፍቱ ድረስ ሸኝታት፣ አባቷ ሰፈሩ ውስጥ ያለውን የማሞቂያ ጣቢያ ፈልጎ አግኝቶ፣ በየቀኑ ሄዶ ከፈረቃ ሠራተኞቹ ጋር ቁጭ እንደሚል ነገረቻት። ዘበኞቹ ለምደውታል። ምንም አይሠራም፤ ቧንቧዎቹን ያዳምጣል።

እንደሚቀጥለው ዓመት ያለ ደግ ዓመት አይተን አናውቅም። ቼርዮሙካው አበበ፤ ብርድ አልመጣም። ፕሪሙ አበባውን አንድም ሳይጥል ያዘ። የሁሉም ሰው ችግኝ ያዘለት፤ ጉልሲና በግንቦት ሜዳ ላይ ተክላ ምንም ሳይነካት አለፈ። የቬንያሚን ቦታ ገዢ አላገኘም፤ ሣር ውጦታል፣ አራቱ መደቦች የት እንደነበሩ እንኳ ለማወቅ ያስቸግራል።

በሰኔ መጀመሪያ ስልኬ ጮኸ። እኔ ቲማቲሜን እየደገፍኩ ነበር፤ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አነሳሁት።

«ዞያ፣ እንዴት ናችሁ?» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። ደህና ነን አልኩት። ስለ ጤናው ጠየቅኩት፤ ደህና ነኝ አለ። ከዚያ፣ «ዘንድሮ በረዶው እንዴት ነበር? መጣ?» አለኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው። ከጉልሲና ቦታ ንቦች ይሰማሉ።

«መጣ» አልኩት። «ሁሉንም ነው የወሰደው፤ የእኔንም፣ የሁሉንም ሰው። አንድ የተረፈ የለም።»

በስልኩ ውስጥ እስትንፋሱን ሰማሁት፤ እንደ ድሮው።

«እንደዚያ ይመስለኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ማንም ቢሆን ምንም ማድረግ አይችልም፣ አይደል?»

«ማንም አይችልም፣ ቬንያ።»

«እሺ። እሺ በይ፣ ደህና ሁኚ» አለኝና ዘጋው። ቀጥሎ የመጣውን የበረዶ ወራት መጨረሻ ሳያይ፣ በጥር፣ እዚያው ፔርም ሞተ። ኢና አምጥታ ከሪማ ጎን ቀበረችው። መሬቱ እንደ ብረት ደርቆ፣ ቆፋሪዎቹ እሳት አንድደው እስኪያለሰልሱት ድረስ ሁላችንም በመንገዱ ዳር ቆመን ጠበቅን።